ካሉንድቦርግ፦ የአንዱ ትርፍ የሌላው ቀለብ የሆነባት ከተማ

ካሉንድቦርግ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከዴንማርክ ዋና ከተማ ከኮፐንሃገን ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባሕር ዳር ላይ ትገኛለች። ነዋሪዋ 16 ሺህ ገደማ ነው። ለጎብኚ የምታሳየው አምስት ማማ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አላት። ስለ ኢንዱስትሪና ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚጨነቁ ሰዎች ዘንድ ግን ስሟ የገነነው በቧንቧዎቿ ነው።

ቧንቧዎቹ ፋብሪካን ከፋብሪካ ያገናኛሉ። አንዱ ፋብሪካ ያልፈለገው ነገር ለጎረቤቱ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ከነዳጅ ማጣሪያው ወደ ኃይል ማመንጫው ውኃ ሄዷል። ከኃይል ማመንጫው ወደ ኢንሱሊን ፋብሪካው እንፋሎት ሄዷል። ከኢንሱሊን ፋብሪካው ወደ ገበሬው ማሳ ዝቃጭ ወጥቷል። ይህን የመሰለ ተደጋግፎ መኖር በተፈጥሮ ውስጥ ሲምባዮሲስ ይባላል። የካሉንድቦርጉ ደግሞ የኢንዱስትሪ ሲምባዮሲስ የሚል ስም ወጥቶለታል።

ይህች ከተማ ብዙ ጊዜ የምትነሳው ምንም ነገር የማይባክንባት፣ እንደ ጫካ ሁሉ ነገር የሚዞርባት ቦታ ተደርጋ ነው። ከተማዋን አደንቃታለሁ። ነገር ግን እንዲህ ሲባል ዋናው ትምህርት የሚጠፋ ይመስለኛል። ቅልጥፍናው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳስከፈለ፣ የትኛው ቧንቧ ዕድሜ እንዳገኘና የትኛው እንደደረቀ ሳናይ "ተፈጥሮን እንምሰል" ብንል ብዙም አንራመድም። ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው ልከተለው።

ነገሩ የጀመረው በውኃ ነው

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1961 ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋ ውስጥ አዲስ ነዳጅ ማጣሪያ ሊቆም ነበር። ነዳጅ ማጣሪያ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ለማቀዝቀዝም ለእንፋሎትም። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ ግን ውስን ነው። ስለዚህ ቲሶ ከሚባለው ሐይቅ ውኃ በቧንቧ ለመሳብ ተስማሙ። ማዘጋጃ ቤቱ ቧንቧውን ሊዘረጋ፣ ማጣሪያው ወጪውን ሊችል። በቃ፣ መነሻው ይኸው ነው። ያን ጊዜ ተፈጥሮን እንኮርጅ ያለ ሰው አልነበረም። ውኃ አጠረ፤ መፍትሔ ተፈለገ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ አንድ እያለ የመጣ ነው። በ1972 ጂፕሮክ የሚባለው የጂፕሰም ቦርድ ፋብሪካ የማጣሪያውን ትርፍ ጋዝ መውሰድ ጀመረ። ማጣሪያ ሲሠራ ገበያ የማይወጣ ጋዝ ይተርፈዋል። የተለመደው መገላገያ ረጅም ማማ ጫፍ ላይ ማቃጠል ነው። ጂፕሮክ ደግሞ እርጥብ ቦርድ የሚያደርቅበት እሳት ያስፈልገዋል። ለአንዱ መገላገያ፣ ለሌላው ርካሽ ነዳጅ ሆነ። በ1973 አስነስ የተባለው ትልቅ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ ተካፋይ ሆነ። በ1976 ኢንሱሊንና ኢንዛይም የሚያመርተው ኖቮ ዝቃጩን ለአካባቢው ገበሬዎች በማዳበሪያነት መስጠት ጀመረ። ገበሬው አይከፍልም ነበር። ፋብሪካው ደግሞ ዝቃጩን ሌላ ቦታ ወስዶ ለማስወገድ የሚያወጣውን ወጪ ይቆጥብ ነበር። በ1979 የኃይል ማመንጫው ደቃቅ አመድ ወደ ሲሚንቶ አምራቾች መሄድ ጀመረ።

እያንዳንዱ ስምምነት በሁለት ወገኖች መካከል የተደረገ ንግድ ነው። ሁለቱ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፣ ያሰላሉ፣ ይፈራረማሉ። የሚያስተባብር ማዕከል አልነበረም፤ ከላይ የወረደ ዕቅድም የለም። የጋራ ተቋም እንኳ የመጣው በ1996 ነው፤ ይህም ዋና ዋናዎቹ ቧንቧዎች ከተዘረጉ ከብዙ ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። የመነጨው ነገር እከክልኝ ልከክልህ ነው፤ ግን ሁለቱም ወገን ሒሳቡን አስልቶ የገባበት።

አንድ ነገር ግን ከሒሳቡ ውጭ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆቹ ይተዋወቃሉ፣ ከሥራ ውጭም ይገናኛሉ። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የፋብሪካዎቹን መቀራረብ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለኩትም፤ የሰዎቹንም መቀራረብ ይጨምራሉ። ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጎረቤትህ ምን እንደሚጥል ካላወቅህ ልትጠይቀው አትችልም። ፋብሪካ ደግሞ የሚጥለውን ነገር ለማያውቀው ሰው አያወራም።

ሙቀቱ

የካሉንድቦርግን ቅልጥፍና በደንብ የሚያሳየው ሙቀት ነው። የድንጋይ ከሰል የሚያቃጥል ጥሩ ማመንጫ ካቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 40 በመቶ ገደማውን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ በማቀዝቀዣ ውኃና በጭስ ማውጫ ይወጣል። የማንም ስንፍና አይደለም፤ የፊዚክስ ሕግ ነው። ሙቀትን በተርባይን በኩል ወደ ሥራ ለመቀየር ከፊሉን መጣል ግድ ይላል።

ታዲያ የሚጣለው ሙቀት ለቤት ማሞቂያ ከበቂ በላይ ነው። አስነስ ከ1981 ጀምሮ ለከተማዋ ቤቶች ሙቀት ማቅረብ ጀመረ። በየቤቱ ዘይት ሲያነዱ የነበሩ 3,500 ያህል ማሞቂያዎች በሒደት ከሥራ ወጡ። በ1982 ደግሞ ለኖቮና ለነዳጅ ማጣሪያው እንፋሎት መሄድ ጀመረ። ኤሌክትሪክና ሙቀት አብሮ የሚያመርት ማመንጫ ከነዳጁ ጉልበት 90 በመቶ ያህሉን ሥራ ላይ ማዋል ይችላል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለፋብሪካ የሚሆን እንፋሎት ትኩስና ግፊት ያለው መሆን አለበት። ተርባይኑን ጨርሶ የወጣ፣ ለብ ያለ ውኃ ኢንሱሊን ፋብሪካ ውስጥ ብዙም አይረባም። ስለዚህ እንፋሎቱ ከተርባይኑ መሃል ላይ ተቀንሶ ይወጣል። ያ እንፋሎት እስከ መጨረሻው ቢሄድ ኖሮ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። እንፋሎቱ እንግዲህ ቆሻሻ አይደለም፤ አስነስ ለጎረቤቶቹ ሲል ከኤሌክትሪኩ ላይ የሚቆርሰው ነገር ነው። ነገር ግን ለሚያጣው ለእያንዳንዱ አሐድ ኤሌክትሪክ ብዙ እጥፍ ሙቀት ይሰጣል። ትርፉ እዚያ ላይ ነው። የኢንዱስትሪ ሲምባዮሲስን "በነጻ የተገኘ ነገር" አድርጎ ማየት ይህን ወጪ ይሰውረዋል።

ከጭስ የወጣ ጄሶ

አስነስና ጂፕሮክ በ1993 ያደረጉት ስምምነት ደግሞ የተለየ ነው። የድንጋይ ከሰል ውስጥ ድኝ አለ። ሲነድ የድኝ ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ የአሲድ ዝናብ ያመጣል። የዴንማርክ ሕግ ማመንጫዎች ይህን ጋዝ እንዲቀንሱ ጫና አደረገ። ማጽጃው እንዲህ ይሠራል፦ ጭሱ በውኃ በተበጠበጠ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የድኙ ጋዝ ከኖራው ጋር ይዋሐዳል። ከዚያ አየር ሲነፋበት ካልሲየም ሰልፌት ይሆናል። ውኃው ሲጠነፈፍ ነጣ ያለ እርጥብ ዱቄት ይቀራል። ይህ ዱቄት ጂፕሰም ነው፤ ሁላችንም ጄሶ ብለን የምናውቀው።

ጂፕሮክ ጂፕሰሙን ሲያመጣ የኖረው ከስፔን ማዕድን ማውጫ ነበር። አሁን በዚያው ከተማ፣ ያውም ከማዕድኑ የበለጠ ወጥ ጥራት ያለው ዱቄት ተገኘ። የአየር ብክለት ሕግ የግድግዳ ቦርድ ጥሬ ዕቃ ወለደ ማለት ነው። ይህን ማንም አስቀድሞ አላቀደም። ሕጉ ማመንጫውን "ጋዙን ቀንስ" አለው፤ በዚህ መንገድ ቀንስ አላለውም። ይህ ነጻነት ባይኖር ድኙ ሌላ መልክ ይዞ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ሊቀበር ይችል ነበር። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የፖሊሲ ሰዎች ሊያዩት የሚገባው ይህ ነው። ግቡ ጥብቅ፣ መንገዱ ክፍት።

ማጣሪያውም ከራሱ ጋዝ ድኝ እያወጣ ሰልፈሪክ አሲድ ለሚሠራ ፋብሪካ ይሸጥ ነበር። ከኖቮ የሚወጣው የእርሾ ተረፈ ምርትም የአሳማ መኖ ሆነ። እነዚህን በዚሁ ልለፋቸው።

የአተር ሥር ምን ይላል?

አሁን ወደ ተፈጥሮ ልመለስ። ምሳሌ የሚሆኑኝ የአተር፣ የባቄላና የአኩሪ አተር ዓይነት ዕፅዋት ናቸው። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ አፈሩን ያራገፈ ሰው በሥሩ ላይ ትናንሽ ቋጠሮዎች ያያል። ጤነኛውን ቋጠሮ በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ ሐምራዊ ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው። ሥራው ኦክስጅንን መጥኖ ማቀበል ነው። ውስጥ ያሉት ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይዘው ለተክሉ ወደሚስማማ መልክ ይቀይሩታል። ተክሉ በምላሹ ስኳር ይመግባቸዋል።

ይህም በነጻ አይሠራም። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመስበር ባክቴሪያው ቢያንስ 16 ኤቲፒ ያጠፋል፤ ኤቲፒ ሕዋስ የሚሠራበት የጉልበት ገንዘብ ነው። የዚያ ሁሉ ምንጭ ተክሉ ከፀሐይ ያገኘው ስኳር ነው። ፋብሪካ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ከ400 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ በሆነ ሙቀትና ከ100 እጥፍ በሚበልጥ የአየር ግፊት ነው። ሥሩ ላይ ግን በአፈር ሙቀት ይሠራል፤ ምርቱም እዚያው ተፈላጊው ቦታ ላይ ይወጣል። ማጓጓዣ የለም። መጋዘን የለም። የቋጠሮው ቅልጥፍና ሥራው ርካሽ ስለሆነ የመጣ አይደለም፤ ውዱ ሥራ በሚፈለግበት ቦታና በሚፈለግበት መጠን መሠራቱ ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በቀጥታ ካሉንድቦርግን ያስታውሱኛል። አንደኛ፣ አፈሩ ውስጥ ናይትሬት ከበዛ ተክሉ ቋጠሮ ማብቀሉን ይቀንሳል ወይም ይተዋል። ከአፈር በቀላሉ የሚያገኘውን ነገር ከባክቴሪያ በስኳር አይገዛም። ሁለተኛ፣ በ2003 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ በቶቢ ኪርስና ባልደረቦቿ የተሠራ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የአኩሪ አተር ቋጠሮዎችን ናይትሮጅን በሌለው አየር ውስጥ አስቀመጡ። ባክቴሪያዎቹ ቢፈልጉም ሊሠሩ አይችሉም ማለት ነው። ተክሉ ምን አደረገ? ለእነዚያ ቋጠሮዎች የሚያደርሰውን ኦክስጅን ቀነሰ። የባክቴሪያዎቹም መራባት በግማሽ ያህል ወረደ። የማይሠራ ሸሪክ ይቀጣል።

ተደጋግፎ መኖር የሚጸናው ሁለቱም ወገን የማቋረጥ አቅም ስላለው ነው። ሰዎች ሲምባዮሲስን ፍቅር አድርገው ሲያወሩት የሚጠፋው ይህ ነው። ፍቅር ሊኖር ይችላል፤ ቧንቧውን የሚያቆየው ግን ሁለቱም ሲያሰሉት አሁንም የሚያዋጣ መሆኑ ነው።

ለምን መቅዳት አስቸገረ?

የካሉንድቦርግ ዝና ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተሰማ። ብዙ አገሮች የራሳችንን እንሥራ አሉ። በአሜሪካ በዚያ አሥር ዓመት አጋማሽ በመንግሥት ድጋፍ የኢኮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ታቀዱ። ካርታ ተነደፈ፣ ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ በወረቀት ተጻፈ። አብዛኞቹ ግን አልጸኑም። የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ማሪያን ቸርቶው በ2007 ባሳተመችው ጽሑፍ ያስተዋለችው ይህንን ነው፦ የጸኑት ልውውጦች አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳያቅዳቸው በንግድ ምክንያት የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ ከባዶ ከመፍጠር ይልቅ ያሉትን ፈልጎ ማግኘትና ማሳደግ ይሻላል ትላለች።

የተሰናከሉት ዕቅዶች ችግር ግልጽ ነው። ፋብሪካዎቹ ገና ሳይኖሩ ቆሻሻቸው ተከፋፈለ። ከፋብሪካዎቹ አንዱ ሳይመጣ ቢቀር ሰንሰለቱ ሁሉ ይበጠሳል። ካሉንድቦርግ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ቧንቧዎች ሲዘረጉ ሁለቱም ጫፎች ቆመው ነበር፤ ሌላው ቢፈርስም እነሱ ይቆማሉ።

ሌላ ጠቃሚ ጥናት ደግሞ ኖኤል ብሪንግስ ያኮብሰን በ2006 ያሳተመው ነው። የካሉንድቦርግን የውኃና የእንፋሎት ልውውጦች በቁጥር መረመረ። ያገኘው ነገር ብዙ ሰው የሚጠብቀውን አይደለም። ፋብሪካዎቹን ያነሳሳቸው የተረፈ ምርቱ ዋጋ ብቻ አልነበረም። ሥራቸው ውኃና እንፋሎት አጥቶ እንዳይቆም ዋስትና ማግኘታቸውም ትልቅ ቦታ ነበረው። ይህ ደግሞ ከተማዋን ከጀመረችበት ከ1961 ጋር ያገናኛል። ፍርሃቱ የውኃ እጥረት ነበር።

የድንጋይ ከሰሉ ሲወጣ

ለእኔ የካሉንድቦርግ እውነተኛ ፈተና የመጣው በቅርቡ ነው። አስነስ በአንድ ወቅት 1,500 ሜጋ ዋት ያህል አቅም ያለው፣ ከዴንማርክ ትልቁ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ነበር። የሲምባዮሲሱ ልብ እሱ ነው። እንፋሎቱም፣ የከተማው ሙቀትም፣ አመዱም፣ ጄሶውም ከእሱ ይወጣል። ነገር ግን የአየር ንብረት ቀውስ ባለበት ዘመን የድንጋይ ከሰል መቀጠል አይችልም።

እዚህ ላይ ሐቀኛ የሆነ ጥያቄ አለ። ሲምባዮሲሱ ከሰሉን አላቆየውም ወይ? ጎረቤቶቹ ሁሉ የሚጠቀሙበትን ማመንጫ መዝጋት ከባድ ነው። "ቆሻሻው ጥቅም ላይ እየዋለ ነው" የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይኖራል። በአንድ ብክለት ላይ ብዙ ሰው ሲኖርበት ብክለቱ ጠበቃ ያገኛል። ይህ አደጋ እውነት ነው፤ ሌላ ቦታ ይህን ሥርዓት የሚተክሉ ሰዎች ከመጀመሪያው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ካሉንድቦርግ ግን አለፈችው። የአስነስ ባለቤት ኦርስቴድ በእንጨት ቁርጥራጭ የሚሠራ አዲስ ክፍል አቆመ፤ በ2019 መጨረሻና በ2020 ወደ ሥራ ገባ። አዲሱ ክፍል የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ 25 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ነው። ሙቀቱ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። የድሮው አስነስ ኤሌክትሪክ ሊያመርት ተሠርቶ ሙቀቱን ለጎረቤት ያካፈለ ነበር። የአሁኑ የተሠራው ለጎረቤቶቹ እንፋሎትና ለከተማው ሙቀት ተብሎ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ተጓዳኝ ሆነ። ተረፈ ምርቱ ዋና ምርት ሆነ።

የእንጨት ማቃጠል የራሱ ክርክር አለው። ደኑ ከየት እንደመጣና በምን ያህል ጊዜ መልሶ እንደሚያድግ ካልተጠየቀ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። እዚህ ግን ጉዳዬ ሌላ ነው፦ የትኛው ቧንቧ ተረፈ?

እንፋሎቱ ተረፈ። የቤቶቹ ሙቀት ተረፈ። ጄሶው ግን ቆመ። እንጨት ውስጥ ያለው ድኝ ከከሰል ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጭስ ውስጥ ድኝ ከሌለ ጂፕሰም የለም። ለሲሚንቶ ይሄድ የነበረው የከሰል አመድም አብሮ ጠፋ። አየሩ ንጹሕ ስለሆነ ጥሬ ዕቃው ጠፋ ማለት ነው። ይህ እንደ ኪሳራ ሊታይ አይገባም። ነገር ግን በአንድ የተለየ ቆሻሻ ላይ የተመሠረተ ግንኙነት ቆሻሻው ሲጸዳ አብሮ እንደሚያበቃ ያሳያል። ሁሉም የሚፈልገውን ነገር፣ ማለትም ውኃና ሙቀት የሚያመላልሰው ግን ምንጩ ቢቀየርም ቆይቷል። ቧንቧው የማን ቆሻሻ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ትኩስ እንፋሎት ከሆነ በቂ ነው።

ቁጥሩን እንዴት እንመን?

የከተማዋ የሲምባዮሲስ ማኅበር ልውውጦቹ በዓመት 3.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንደሚያድኑ ገልጾ ያውቃል። ትልቅ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ሳነብ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው "ከምን ጋር ሲነጻጸር?" የሚለውን ነው። ልውውጡ ባይኖር ፋብሪካው ምን ያደርግ ነበር? ከአሮጌ ማሞቂያ ጋር ካነጻጸርነው ቁጥሩ ያብጣል። ዛሬ በገበያ ካለው ምርጥ መሣሪያ ጋር ካነጻጸርነው ይቀንሳል። ሁለቱም ስሌት ሐሰት አይደለም። አንባቢ ግን የቱን እያነበበ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ሥርዓቱ አሁን በሁለት አቅጣጫ እየተሳበ ነው። በአንድ በኩል የኢንሱሊን አምራቹ ኖቮ ኖርዲስክ በ2023 ካሉንድቦርግ ላይ ከ42 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር በላይ እንደሚያፈስ አስታውቋል። ይህ ተጨማሪ ውኃ፣ ተጨማሪ እንፋሎትና ተጨማሪ ዝቃጭ ማለት ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ሸሪክ እንዲህ ሲገዝፍ የመደራደሩ ሚዛንም ይለወጣል። በሌላ በኩል ነዳጅ ማጣሪያው አለ። በ2021 መጨረሻ ባለቤት ቀይሯል፤ ድፍድፍ ዘይት ማጣራቱን ግን አላቆመም። ከመጀመሪያዎቹ ሸሪኮች በነዳጅ ዘይት ላይ ቆሞ የቀረ ትልቁ እሱ ነው። መኪናው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ባለበት ዘመን የእሱም ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በ1961 ለእሱ ተብሎ ከቲሶ የተሳበው ውኃ ለማን እንደሚከፋፈል፣ የቧንቧውን ጥገና ወጪ ማን እንደሚሸከም አዲስ ድርድር ያስፈልጋል። ካሉንድቦርግን የምትከታተሉ ሰዎች ያን ድርድር እንድትጠብቁት እመክራለሁ።